ከስድስት ሰዓት በኋላ ውሃ ላይ አትገኚ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ተዪው፣ እሱ የራሱ ጸባይ አለው።

ወንድምሽ ትናንት ደውሎ ነበር። ሰላሳኛ ዓመትሽን ከጓደኞችሽ ጋር ደቅ ደሴት ላይ ልታከብሪ ነው አለኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ስሰማ ግን የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ። ጠዋት በአውሮፕላን ገብታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ከዚያ ጀልባ ልትሳፈሩ ነው? ከምሳ በኋላ? ይህን ያቀደው ማነው? አንቺ የባሕር ዳር ልጅ አይደለሽም እንዴ?

ከስድስት ሰዓት በኋላ ጣና ላይ አትውጪ።

ጠዋት ታንኳ የሄደበት መስመር እንኳ ቶሎ አይጠፋም፣ ውሃው ያን ያህል ይረጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ሐይቁ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የምነግርሽ። አንቺም ነበርሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ ስለነበር ምናልባት የምታስታውሺው ማስመለሱን ብቻ ይሆናል።

የዚያን ጊዜ ጉዟችን ሁሉ በኔ አመል ነበር የሚመራው። ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሬዲዮኑ ላይ ተደፍቼ የሰማሁ ሰው ነኝ። የበዛብህን አገር ማንኩሳን ሳላይ መኖር አልቻልኩም። በሌሊት ቀስቅሼ አውቶቡስ ላይ ጫንኳችሁ። ዳንግላን፣ ኮሶበርን፣ ቡሬን አልፈን ማንኩሳ ወረድን። አንድ ሽማግሌ አገኘሁና «የበዛብህ አገር ይኸ ነው አይደል?» አልኳቸው።

«የትኛው በዛብህ?»

«የቦጋለ መብራቱ ልጅ።»

አሰቡ አሰቡና «የቦጋለን አላውቅም። እህል ነጋዴው በዛብህ ከሆነ ግን ቤቱ ያውና» ብለው ልጅ አስከትለው ሰደዱን። ሰውየው ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቅ ጠላ አስቀዳልን። አንቺ ከልጆቹ ጋር ስትሯሯጪ ዋልሽ። እናትሽ በሳቅ ጥርሷን መግጠም አቃታት። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ «የምታውቀው በዛብህ አልቀዳልህም፣ የማታውቀው ቀዳልህ» አለችኝ።

የዲማ ጊዮርጊሱን አልተርከውም። ቢቸና መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበትን ቀን እያነሳ ወንድምሽ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

እናትሽ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት የጠየቀችኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ደቅ ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን። «ሴት ያሠራችውን ቤተ ክርስቲያን ልሳለም» አለች፣ በቃ።

ወሰድኳት። ሚያዝያ 1997 ነበር። ከቤት የወጣነው በጊዜ ነው። እዚያው ደቅ አጠገብ ግን ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያለበት ደሴት ነው፣ እንዴት ልለፈው? ሴት አይገባም። አንቺና እናትሽ ጀልባዋ ላይ ቀራችሁ፣ እኔና ወንድምሽ ዳገቱን ወጣን። ግማሽ ሰዓት ብያት ነበር። ከአንድ አባት ጋር ወሬ ይዤ፣ እሳቸው ያሉትን ሁሉ በደብተሬ ስጽፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ስንወርድ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ጀልባ ነጂው ውሃውን ውሃውን እያየ «ናርጋ ዛሬ አይሆንም ጋሼ» አለኝ። እናትሽ ምንም አላለችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አንቺ ላይ ደርባ ፀሐይ ሲቀቅላት የዋለች ሴት ምንም አላለችም።

መመለሻውን ታውቂዋለሽ። ማዕበሉ ጀልባዋን አንስቶ ያፈርጣታል። አንቺ እናትሽ ጉያ ውስጥ ታስመልሻለሽ። ወንድምሽ በጣሳ ውሃ ይጨልፋል። እኔ ምን ይዤ ነበር መሰለሽ? ደብተሬን። እንዳይርስብኝ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ በሁለት እጄ አቅፌው ነበር። ልጆቼን አይደለም፣ ደብተሬን።

«ሌላ ጊዜ እንሄዳለን» አልኳት። መጀመሪያ ገንዘብ ጠፋ፣ ከዚያ ሥራ በዛ፣ ከዚያ እሷ ታመመች። በ2010 ቀበርናት። እኔም ከዚያ ወዲህ ናርጋ አልሄድኩም፣ እግሬ እሺ አይለኝም። የጉልበቱን ማለቴ አይደለም።

በተጋባን ሰሞን በመርከብ ጎርጎራ ሄደን ነበር። አንድ ሌሊት ቁንዝላ አድረን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ ስለማን እንዳወራን እንኳ አላስታውስም። መጽሐፍም ደብተርም አልያዝኩም። ከሄድኩባቸው መንገዶች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

እሺ፣ አሁን ስሚኝ። በመጣችሁ ቀን እዚሁ ቤት እደሩ። ፍራሽ አለ፣ ከሌለም ከጎረቤት እናመጣለን። ዓሣ ጎላሽ እኔ አሠራለሁ፣ መንገድ ላይ አትብሉ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ፣ ደርሶ መልስ መሆኑን አስረግጠሽ ንገሪው። ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር ቆጥረሽ ተረከቢ፣ ከመቀመጫው ሥር አለ ቢልሽ አትመኚው፣ አውጣና አሳየኝ በይው። ደቅ በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በንጋት 12 ሰዓት ብትነሱ እንኳ ደርሶ መልሱ እስከ ስድስት ሰዓት አያልቅም። ስለዚህ ድንኳን ይዛችሁ እዚያው እደሩና በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ። ማደር ካልቻላችሁ ዘጌ ይበቃችኋል። ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልማችሁ፣ የዘጌ ቡና ጠጥታችሁ ለምሳ ትደርሳላችሁ።

ዘጌ እንደማትሄጂ አውቃለሁ። ለምን ደቅን እንደመረጥሽ ወንድምሽ ባይነግረኝም ገብቶኛል፣ የኔ ዓለም።

ዳጋ ላይ እንዳትቆሙ። ወንዶቹ ጓደኞችሽ «አንዴ አይተን እንምጣ» ካሉ እምቢ በይ። አልቅሰሽም ቢሆን እምቢ በይ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ውሃ ላይ እንዳትገኚ፣ ሦስተኛ ጊዜ መናገሬ ነው፣ አራተኛውን ወደቡ ላይ ቆሜ እነግርሻለሁ።

ናርጋ ስትደርሺ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው የተሳሉበትን ሥዕል ፈልጊ። እናትሽ አንድ መጽሐፍ ላይ ፎቶውን አይታ «ልብሷ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብላኝ ነበር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለነበር አላወቅኩላትም። እሱን አይተሽ ደውዪልኝ። ከጀልባ ላይ ግን እንዳትደውዪ። ስልክሽን በፌስታል ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።

አባትሽ
ባሕር ዳር