የብስክሌት መንገዱ መስቀለኛው ላይ እንዳይቋረጥ፦ ለከተማችን የመንገዶች ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የመንገዶች ቢሮ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ አዲስ የብስክሌት መስመር ከመዘርጋቱ በፊት ያሉት መስቀለኛ መንገዶች እንዲስተካከሉ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

የቢሮዎ ሪፖርቶች የብስክሌት መንገድን የሚቆጥሩት በኪሎ ሜትር ነው። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን መንገዱን የሚመዝነው በጣም በሚያስፈራው ቦታ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ያማረ መስመር ተሠርቶ፣ መስቀለኛው ጋ ሊደርስ 30 ሜትር ሲቀረው ቀለሙ ድንገት ከጠፋና ብስክሌተኛው ከጭነት መኪና ጎን ከተጋፋ፣ ወላጅ ልጁን በዚያ መንገድ አይልክም። በከተማ ውስጥ መኪናና ብስክሌት በብዛት የሚጋጩትም መስቀለኛና መታጠፊያ ላይ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በቀጣዩ በጀት ኪሎ ሜትር ከመጨመርዎ በፊት በተሠሩት መስመሮች ላይ ያሉትን መስቀለኛ መንገዶች ይዝጉልን። ይዝጉ ስንል ክፍተታቸውን ማለታችን ነው።

ዋናው አደጋ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ነው። ብስክሌተኛው ቀጥታ ይሄዳል፣ አሽከርካሪው ከጎኑ ወይም ከኋላው መጥቶ ይታጠፍበታል። ጥፋቱን በአሽከርካሪው ግድየለሽነት ብቻ ማሳበብ ቀላል ነው፤ የማዕዘኑ ቅርጽ ግን ከእርሱ ያላነሰ ድርሻ አለው። የጠርዝ ድንጋዩ በ10 ወይም በ12 ሜትር ራዲየስ ሰፋ ብሎ ሲዞር፣ አሽከርካሪው ፍሬን እምብዛም ሳይነካ ይታጠፋል። ራዲየሱ ወደ 4 ሜትር ገደማ ሲጠብ ግን በሰዓት ወደ 15 ኪሎ ሜትር መውረድ ግድ ይሆንበታል። በተጨማሪም እግረኛው የሚያቋርጠው ርቀት በብዙ ሜትር ያጥራል።

መሐንዲሶችዎ «ታዲያ አውቶቡስና የእሳት አደጋ መኪና በየት ይዞራል?» እንደሚሉ እናውቃለን፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የማዕዘኑን ውስጠኛ ክፍል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ በሻካራ ድንጋይ መንጠፍ ነው። ረጅም መኪና የኋላ ጎማውን አውጥቶበት ያልፋል፤ የቤት መኪና ግን መንገጫገጩን ስለማይወደው ጠበብ ባለው መስመር ይታጠፋል። እግረኛ ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ እዚያ ንጣፍ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ መጠንቀቅ ያሻል።

ሁለተኛው ነገር ዕይታ ነው። የብስክሌት መስመሩ የጎን መንገዱን የሚያቋርጠው ከዋናው መንገድ አንድ የመኪና ርዝመት፣ ማለትም 5 ሜትር ያህል ገባ ብሎ ከሆነ፣ አሽከርካሪው ታጥፎ ከጨረሰ በኋላ ብስክሌተኛውን በፊት መስታወቱ ፊት ለፊት ያየዋል። መስመሩ ከመኪኖቹ ጋር ተጣብቆ ካቋረጠ ግን ሊያየው የሚችለው በጎን መስታወት ወይም አንገቱን አዙሮ ብቻ ነው፤ ከጭነት መኪና ጋቢና ደግሞ ያ ቦታ ጨርሶ የማይታይበት ጊዜ አለ። በ5 ሜትሩ ክፍተት ውስጥ የሚሠራው ደሴት፣ ማለትም መኪና እንዳይወጣበት ከፍ የሚደረገው ቦታ፣ በቀለም የተቀባ ሳይሆን እውነተኛ የኮንክሪት ጠርዝ ያለው መሆን አለበት። ቀለም መኪና አያቆምም። ከማቋረጫው በፊት ያለው 10 ሜትርም ከቆሙ መኪኖች ነጻ ይሁን፤ ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ ልጅ ከቆመ መኪና ጀርባ ሲወጣ የሚታየው እግሩ አስፋልቱን ከረገጠ በኋላ ነው።

የትራፊክ መብራቱም አብሮ ይስተካከል። ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አረንጓዴው ከመኪናው በ4 ወይም በ5 ሰከንድ ቀድሞ ቢበራ፣ መኪናው መታጠፍ ሲጀምር ሰዎቹ መሀል ላይ ደርሰው በግልጽ ይታያሉ። የማቋረጫ ጊዜው በሰከንድ 1.2 ሜትር ተሰልቶ ከሆነ 12 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 10 ሰከንድ ይሰጠዋል። በሰከንድ 0.8 ሜትር ለሚራመዱ አዛውንት ግን 15 ሰከንድ ያስፈልጋል። አምስቱ ሰከንድ ሲጎድል ቀይ መብራት መንገድ መሀል ያገኛቸዋል። የመሀል ማረፊያ ሲሠራ ደግሞ ስፋቱ ከ2 ሜትር እንዳያንስ፤ ብስክሌት ወደ 1.8 ሜትር ይረዝማል፣ ከዚያ ከጠበበ የኋላው ወይም የፊቱ ጎማ መኪና በሚያልፍበት ይቀራል።

ስለ ፍጥነት ብዙ ስለተባለ እኛ ስሌቱን ብቻ እናስቀምጥ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አሽከርካሪው አደጋውን ካየ በኋላ፣ አንድ ሰከንድ ለማሰብ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት 13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ50 የሚሄደው 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ልጅ 14 ሜትር ፊቱ ላይ ብቅ ቢል የመጀመሪያው መኪና ሳይነካው ይቆማል፤ ሁለተኛው ልጁ ጋ ሲደርስ እግሩ ገና ፍሬን ላይ እያረፈ ነው፤ የሚመታው በሙሉ 50 ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ከዓለም አቀፉ የመንገድ ደኅንነት ጉባኤ የወጣው የስቶክሆልም መግለጫ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና መኪና በሚቀላቀሉበት መንገድ ፍጥነቱ ከ30 እንዳይበልጥ የጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፍጥነቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መንገዱ ላይ 50 ሜትር ይለኩና ሁለት ምልክት ያድርጉ፤ ከፊቱ መኪና የሌለበትን መኪና በሰዓት መቁጠሪያ ይያዙ። በ6 ሰከንድ ካለፈ 30፣ በ3.6 ሰከንድ ካለፈ 50 እየሄደ ነው። መቶ መኪና ቢለካ አብዛኛው ሰው በዚያ መንገድ በምን ያህል እንደሚነዳ ይታወቃል። ሰሌዳው 30 እያለ መንገዱ ሌላ ነገር እየተናገረ ከሆነ የሚስተካከለው መንገዱ ነው። 3.5 ሜትር የሆነ የመኪና ረድፍ ወደ 3 ሜትር ሲጠብ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ባለ አራት ረድፍ መንገድ ላይ ደግሞ በድምሩ 2 ሜትር ይተርፋል። ያ አንድ ብስክሌት ሌላውን ቀድሞ የሚያልፍበት ስፋት ነው። በዳሩ መኪና የሚቆም ከሆነ በር ሲከፈት ብስክሌተኛ እንዳይመታ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ክፍተት ይተውለት።

አሁን ወደ ትንንሾቹ፣ ግን አጥንት ወደሚሰብሩት ነገሮች እንምጣ። የፍሳሽ መውረጃው የብረት ፍርግርግ ዘንጎቹ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆኑ፣ ክፍተቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን እንኳ ቀጭን ጎማ ዘው ብሎ ይገባል። ብስክሌቱ ባለበት ቀጥ ይላል፣ ነጂው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወረወራል። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነውን ክዳን አንስቶ ሩብ ዙር አዙሮ መመለስ ይበቃል፤ እኩል ያልሆነው ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ጠፍጣፋ ብረት በአግድም ይበየድ። አስፋልት በላዩ ሲደረብ ደግሞ ክዳኑ አብሮ ከፍ ካልተደረገ 5 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል፤ ዝናብ ውሃ ሲሞላው ደግሞ አይታይም። የመስመር መግቢያዎች ላይ የሚተወው የ2 ሴንቲ ሜትር ደረጃም እንዲሁ ነው። ቀጥ ብለው ሲወጡት ያንገጫግጫል፤ በሰያፍ የወጣው ግን ጎማው በጠርዙ ተንሸራቶ በጎኑ ይወድቃል። ስለዚህ ደረጃው ዜሮ ይሁን። መኪና እንዳይገባ የሚተከሉት የብረት ምሰሶዎች በመካከላቸው 1.5 ሜትር ይኑራቸው፤ ተሽከርካሪ ወንበርና ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ያልፋሉ፣ መኪና አያልፍም።

ከግንባታ በኋላ ያለው መጥረግ ነው። በጠርዝ የተለየ መስመር ውስጥ ትልቁ የጽዳት መኪና አይገባም፤ የመኪኖቹ ነፋስም ስባሪ ጠርሙሱንና ጠጠሩን አይገፋውም። በእጅ የሚጠርግ ሰው በፕሮግራም ካልተመደበ ብስክሌተኛው ጎማውን ለማዳን ወደ መኪናው ረድፍ ይወጣል።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በኮንክሪት ይሠራ አንልም። ሦስት መስቀለኛ መንገዶች መርጠው በቦሎን የሚታሰሩ የኮንክሪት ብሎኮችና ተጣጣፊ ምሰሶዎችን በመጠቀም ማዕዘኑን ያጥቡ፣ ስድስት ወር ይሞክሩት። ከመጀመርዎ በፊት ግን ይለኩ፦ የሚታጠፉትን መኪኖች ፍጥነት፣ የሚያልፉትን ብስክሌተኞች ብዛት፣ ከነሱም ስንቱ ሴቶችና ልጆች እንደሆኑ። ቀድሞ ያልተለካ ሙከራ ሲያልቅ ክርክር እንጂ ውጤት አይተርፍም። ምሰሶዎቹ ከመጠን በላይ ከተራራቁ መኪና መሀላቸው ገብቶ ይቆማል፤ ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል፣ ወዲያው ይታረም።

ሳይቋረጥ የተገናኘ መስመር ያለውን ኃይል የስፔኗ ሴቪያ አሳይታለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር የዘረጋችው በየሰፈሩ ቁርጥራጭ በማስቀመጥ ሳይሆን እርስ በርስ በማያያዝ ነው፣ የብስክሌተኛውም ቁጥር ወዲያው በብዙ እጥፍ ጨመረ። ኔዘርላንድስም ብስክሌት ስለምትወድ ብቻ እዚህ አልደረሰችም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ3,000 በላይ ሰው፣ ከነሱም ከ400 በላይ ሕፃናት በመንገድ አደጋ ሲሞቱባት ወላጆች አደባባይ ወጥተው መንግሥትን ሞገቱ፤ መንገዶቹም ተቀየሩ።

ከቢሮዎ የምንጠብቀው የሦስቱን መስቀለኛ መንገዶች ስም፣ ልኬቱ የሚጀመርበትን ቀንና ጉዳዩን የሚከታተለውን ባለሙያ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቁን ነው። ተማሪዎች ትምህርት ቤት በሚገቡበት ሰዓት ከባለሙያዎችዎ ጋር መስቀለኛው ላይ ቆመን ለመለካት ዝግጁ ነን። ሜትሩን፣ ጠመኔውንና የሰዓት መቁጠሪያውን እኛ ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የከተማችን ብስክሌተኞችና እግረኞች