ስለ ቲማቲም ዘራችሁና አብሮት ስለሚሸጠው የአዘራር መመሪያ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ የሽያጭና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በትንሽ ላስቲክ እየታሸገ የሚሸጠው ባለ 5 ግራም የቲማቲም ዘር ከገበያ እንዲሰበሰብና መመሪያው እንዲታረም ስለመጠየቅ

በአዲስ አበባ በጓሮና በበረንዳ አትክልት የምናለማ ደንበኞቻችሁ ነን። ኅዳር ላይ ከሦስት ሱቆች የገዛነው የቲማቲም ዘራችሁ አብዛኛው አልበቀለም፤ የበቀለውም በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቀ። በስልክ ስናመለክት «ውሃ አብዝታችሁ ነው» ተባልን። ይህን መልስ አንቀበልም፤ ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

አፈሩም ውሃውም ሰበብ እንዳይሆን ዘሩን ያለ አፈር ፈተሽነው። ከእያንዳንዱ እሽግ 50 ፍሬ ቆጥረን በረጠበ ሶፍት ጠቀለልን፣ በፌስታል ከተን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ባለው ቦታ አስቀመጥን። በ14ኛው ቀን ከአንደኛው 11፣ ከሁለተኛው 9፣ ከሦስተኛው 14 ፍሬ ብቻ ጎነቆለ። ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት አያያዝ ያቆየነው ከታሸገ ቆርቆሮ የወጣ የሌላ አቅራቢ ዘር ግን ከ50ው 44 በቅሏል። ደህና የቲማቲም ዘር ከ100 ፍሬ ከ80 በላይ መብቀል አለበት። የእናንተው ከ30 አይዘልም።

የቲማቲም ዘር ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካገኘ አራት አምስት ዓመት ይቆያል። የሚገድለው ሙቀትና እርጥበት ነው። ዘሩ መጀመሪያ ከታሸገበት ትልቅ ቆርቆሮ ተገልብጦ በስስ ላስቲክ ሲከፋፈል ከእርጥበት የሚጠብቀው ነገር ያጣል፤ ሦስቱም ሱቆች ደግሞ እሽጉን በር ላይ ፀሐይ በሚመታው ሚስማር ሰቅለውት ነው ያገኘነው። ዘሩ መቼ እንደታሸገ ለማወቅ ላስቲኩን ብናገላብጥ የታሸገበት ቀንም፣ የምድብ ቁጥርም፣ የብቅለት መጠንም፣ የሚያበቃበት ጊዜም የለበትም። «ምርጥ ቲማቲም» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አልተጻፈበትም።

የዝርያው ስም አለመጻፉም ትንሽ ነገር አይደለም። ሮማ ቪኤፍ ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቀር ዝርያ ነው፤ በ20 ሊትር ባልዲ ውስጥ በአጭር ድጋፍ ያፈራል፣ የጎን ቀንበጡ ከተቀነጠሰ ግን ምርቱ ይቀንሳል። ረጅሙ ዓይነት ደግሞ እስከ 2 ሜትር የሚደርስ ድጋፍ ይፈልጋል፣ ቀንበጡም በየሳምንቱ መቀነስ አለበት። ገዢው የያዘው የትኛውን እንደሆነ ካላወቀ አንዱን እንደሌላው ይይዘዋል። ዲቃላ ዘር (ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ) ከሆነም ከፍሬው የሚወሰደው ዘር እናቱን እንደማይመስል ሊነገረው ይገባል፤ ብዙ ሰው ለከርሞ ዘር የሚያስቀረው ከቤቱ ቲማቲም ነውና።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን የዘሩ ቀለም ነው። ጤናማ የቲማቲም ዘር ገለባ የመሰለ ቢጫ ነው፣ ላዩም ጸጉራም ነው። ከሁለተኛው ሱቅ የገዛነው ዘር ግን ሮዝ ቀለም የተቀባ ነው፤ ሲነካ ጣት ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቀለም የሚቀባው ዘሩ በፀረ ሻጋታ መድኃኒት መታሸቱን ለማሳወቅ ነው። ዋናው ቆርቆሮ ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ እናንተ ስታከፋፍሉት እዚያው ቀርቷል። ይህ ዘር የሚቀመጠው በየቤቱ ወጥ ቤት፣ ልጆች በሚደርሱበት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከረሜላም ይመስላል። «መድኃኒት የታሸ ነው፣ አይበላም፣ ከነኩት በኋላ እጅ ይታጠቡ» የሚል ጽሑፍ የሌለው አንድም እሽግ ከእንግዲህ መሸጥ የለበትም።

ወደ መመሪያው ስንመጣ፣ «ውሃ አብዝታችሁ ነው» ያሉን ሰው የራሳቸውን ወረቀት ያነበቡት አይመስለንም። ወረቀቱ «3 ሳንቲ ሜትር ቅበሩ፣ ጠዋትና ማታ አጠጡ፣ በየዕቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ጨምሩ» ይላል። ሦስቱም ስህተት ነው። የቲማቲም ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ነው የሚቀበረው፤ በ3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጉንቁሉ አፈሩን ሳይበሳ ስንቁ ያልቅበታል። ዩሪያ በእርጥብ አፈር ውስጥ ወደ አሞኒያ ስለሚለወጥ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ገና የሚጎነቁለውን ሥር ያቃጥላል። የማታው ውሃ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሌሊቱን ሙሉ አፈሩ ላይ ያድራል። ያኔ የሚመጣው በሽታ መልኩ አያሳስትም፤ የችግኙ አንገት አፈሩን በሚነካበት ቦታ ይጠቁራል፣ እንደ ክር ይቀጥናል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ችግኙ ይወድቃል። የበቀሉትን የፈጀብን ይኸው ነው።

በወረቀቱ ፋንታ የሚከተለው እንዲታተም እንጠይቃለን። ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነፍቶ መቀላቀል። ከታች የተበሳ ዕቃ መሙላት፣ ዘሩን በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ መቅበር፣ በላስቲክ ሸፍኖ ሞቃት ቦታ ማስቀመጥ። በ25 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሳምንት ገደማ ይበቅላል፤ በ15 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ከ10 በታች ከናካቴው አይበቅልም። የመጀመሪያው ብቅ እንዳለ ላስቲኩ ይነሳ፣ ዕቃው ወደ ብርሃን ይውጣ፤ አንድ ቀን ከዘገየ ችግኙ ቀጥኖ ይመዘዛል። ውሃ ጠዋት ብቻ፣ የላይኛው አፈር ሲደርቅ። አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል (መጀመሪያ ከሚወጡት ሁለት ቅጠሎች በኋላ የሚመጣውን) ሲያወጣ ለአንድ ሳምንት ቀስ በቀስ ከፀሐይና ከነፋስ ማላመድ፣ ከዚያ አመሻሽ ላይ ወደ ቋሚ ቦታው ማዛወር። ሲተከል ግንዱ እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ይቀበር፤ የቲማቲም ግንድ ከተቀበረበት ሁሉ ሥር ያወጣል።

ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደንግጓል። ስለዚህ የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን፣ በሱቆች የተሰቀለው ዘር እንዲሰበሰብ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ዘር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ዛሬውኑ ከሽያጭ እንዲወጣ እንጠይቃለን። በአዲሱ እሽግ ላይ የዝርያ ስም፣ የምድብ ቁጥር፣ የታሸገበት ቀን፣ የብቅለት መጠንና የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ይጻፍ። ከሦስቱ እሽጎች የተረፈው ዘር፣ ደረሰኞቹና የፈተናው ፎቶግራፎች በእጃችን ስላሉ ባለሙያ ልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። ምላሻችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኞቻችሁ

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት