አዲስ የጌም ማሽን ሲወጣ አስቀድመን ቀብድ የማንቀበልበትን ምክንያት ስለማስረዳት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ጅማ

ባለፉት ወራት ወደ ሱቃችን ጎራ ካላችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ «ቀጣዩ ፕሌይስቴሽን መቼ ይገባል? ስንት ይሆናል? አሁን ቀብድ ብከፍል ይያዝልኛል?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። በየግል የሰጠናችሁ መልስ አጭር ስለነበር ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል፤ ስለዚህም ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ድርጅታችን አንድ አዲስ የጌም ማሽን ከመውጣቱ በፊትም ሆነ ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት፣ ዕቃው በእጃችን እስካልገባ ድረስ፣ ከማንም ደንበኛ ገንዘብ አይቀበልም።

ወደዚህ ውሳኔ ያደረሰን በ2013 ዓ.ም. የገጠመን ነገር ነው። ፕሌይስቴሽን 5 በአሜሪካና በጃፓን ለሽያጭ የቀረበው ኅዳር 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወቅቱ በአካባቢያችን ቡና የሚለቀምበትና የሚሸጥበት፣ በከተማችንም ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ነው። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ለገና እንደሚያደርስልን ቃል ስለገባልን፣ እኛም ያንኑ ቃል ይዘን ከዘጠኝ ደንበኞች ቀብድ ተቀበልን። ገናም ጥምቀትም አለፈ፤ ዕቃው ግን አልመጣም። ከዘጠኙ አንዱ፣ ከማና በኩል የመጡ ቡና አምራች አባት፣ በፌስታል የጠቀለሉትን ደረሰኝ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው በመስታወቱ ላይ ዘረጉና «ለገና ብላችሁኝ ነበር፤ ይኸው ኢድ ደረሰ፤ ልጁን ምን ልበለው?» አሉን። የምንመልስላቸው አልነበረንም። ማሽኖቹ በግንቦት ሲደርሱ ነጋዴው ከተስማማንበት በላይ ስለጠየቀ፣ ሦስት ደንበኞች ልዩነቱን ጨምረው ሲወስዱ ለስድስቱ ቀብዳቸውን መልሰናል፤ እኚህ አባት ከስድስቱ አንዱ ነበሩ። ለደንበኞቻችን ቃል የሰጠነው እኛው በመሆናችን ጥፋቱን በነጋዴው ላይ ብቻ አንጥለውም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ስናጠና የተረዳነው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሸጠው ማሽን ቁጥር የፋብሪካውን አቅም እንጂ የፈላጊውን ብዛት እንደማያሳይ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲገባ፣ ታስቦ ከነበረው አንድ ሚሊዮን ውስጥ ለመክፈቻው የቀረበው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 እ.ኤ.አ. የዘገየው ሲዲውን ለሚያነብበው ሰማያዊ ሌዘር የሚያስፈልገው ክፍል በበቂ ባለመመረቱ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 በወጣበት በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 4.5 ሚሊዮን ለገበያ ቢደርስም፣ በዓለም አቀፍ የቺፕ እጥረት ምክንያት ሰው እንደልቡ ማግኘት የጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ኔንቲዶ የሚያመርተው ስዊች 2 የተባለው ማሽን ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጥቶ በአራት ቀናት ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ይህም ሆኖ በጃፓን በኩባንያው የራሱ መደብር ለመግዛት በዕጣ የተመዘገበው ሰው 2.2 ሚሊዮን ያህል ስለነበር፣ ዕጣው ለብዙዎች እንደማይደርስ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አስቀድመው ይቅርታ ጠይቀዋል። አምራቹ በሚገኝበት አገር በዕጣ የሚገዛ ዕቃ በሦስተኛና በአራተኛ እጅ አልፎ ጅማ እስኪደርስ ድረስ ዋጋው ምን ያህል እንደሚንር መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያ ቀን የሽያጭ ወሬ የትኛውን ማሽን መግዛት እንደሚሻል አይናገርም። በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ፕሌይስቴሽን 4ም የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ዋንም በየመክፈቻቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። በዕድሜያቸው መጨረሻ ግን የመጀመሪያው ከ117 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ ሁለተኛው ግማሹን እንኳ አልደረሰም። ዊ ዩ የተባለው የኔንቲዶ ማሽን በወጣበት በ2012 እ.ኤ.አ. የገና ሰሞን ከ3 ሚሊዮን በላይ ቢላክም በጠቅላላው ከ13.6 ሚሊዮን አላለፈም፤ ወረፋውን አይተው የገዙት ሰዎች ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ አዲስ ጨዋታ የማይሠራለት ማሽን ይዘው ቀርተዋል።

አንዳንዶቻችሁ «እሺ፣ እስኪረክስ እንጠብቃለን» ብላችሁናል። ይህ ቀድሞ እውነት ነበር፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በ599 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ከሦስት ዓመት በኋላ በቀጭኑ ሞዴል 299 ዶላር ገብቷል። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በ499 ዶላር ከ99 ሳንቲም ወጥቶ፣ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በነሐሴ 2025፣ በአሜሪካ 549 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሆኗል። በእኛ በኩል ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከሁለት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ስለዚህ ጠብቁ የምንላችሁ ይረክሳል በሚል ተስፋ አይደለም፤ የዘገየ ዕቃና ያልተፈተነ ዕቃ እንዳይደርሳችሁ ነው።

ያልተፈተነ ስንል ያለ ምክንያት አይደለም። ኤክስቦክስ 360 በ2005 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ በሙቀት ምክንያት ቀይ መብራት እያሳየ የሚቆመው ስለበዛ፣ ማይክሮሶፍት በ2007 እ.ኤ.አ. ዋስትናውን ለዚሁ ብልሽት ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መድቧል። እንዲህ ያለ ዋስትና በሌላ አገር ተገዝቶ በሻንጣ ለገባ ማሽን ጅማ ድረስ አይመጣም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ በሚልበት ከተማ፣ የመለዋወጫ ዕቃው ገበያ ላይ ያልዋለ አዲስ ማሽን ሲቃጠል ምን እንደሚደረግ አስቡት። ባለፈው ክረምት የፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ የመጣልንን ፕሌይስቴሽን 4 በግማሽ ቀን ልንጠግነው የቻልነው፣ ከሌላ የሞተ ማሽን የወለቀ ክፍል በመሳቢያችን ስለነበረን ብቻ ነው። ስታብላይዘር ሳትይዙ የትኛውንም ማሽን እንዳትሰኩ አሁንም አጥብቀን እንለምናችኋለን።

ጌም ቤት ላላችሁ ደንበኞቻችን በተለይ የምንለው አለን። ገቢያችሁ የሚቆመው በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ነው፤ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 26 ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ለወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ጭምር ተዘጋጅቷል። በሰዓት የሚከፍላችሁ ልጅ የሚጠይቀው የማይንሸራተት ጆይስቲክና የማይቆራረጥ ጨዋታ በመሆኑ፣ በአንድ አዲስ ማሽን ዋጋ ሁለት ደህና ያገለገሉ ማሽኖችና አራት ጆይስቲክ መግዛት ይበልጥ ያዋጣችኋል ብለን እናምናለን። የግድ አዲስ የምትገዙ ከሆነ የሲዲ ማጫወቻ እንዳለው አረጋግጡ። በኅዳር 2024 በ699 ዶላር ከ99 ሳንቲም የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ማጫወቻው ለብቻው የሚገዛ ነው፤ ለስዊች 2 ከሚሸጡት የጨዋታ ካርዶች አንዳንዶቹም ጨዋታውን በውስጣቸው ስለማይዙ ከኢንተርኔት ካልወረደ አይሠሩም። አንድ ሲዲ ከአጂፕ እስከ ኮቺ በውሰት በሚዞርበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀጣዩን ፕሌይስቴሽን በተመለከተ፣ የፕሌይስቴሽን አምራች የሆነው የሶኒ ዋና የማሽን ንድፍ ባለሙያ ማርክ ሰርኒ በጥቅምት 2025 እየሠሩበት ያሉትን ቴክኖሎጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚወጣ ማሽን ላይ ለማዋል እንደሚጓጉ ተናግረዋል። የሚሸጥበት ቀንና ዋጋ ባልተነገረበት ሁኔታ «ይዤልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ማንም ቢሆን ያልያዘውን ነው የሚሸጠው።

ፍላጎት ያላችሁ ስማችሁንና ስልካችሁን ያለ ክፍያ በመዝገባችን ላይ እናሰፍራለን። ዕቃው ሲገባ በተመዘገባችሁበት ተራ ደውለን የዕለቱን ዋጋ እንነግራችኋለን፤ ካልተስማማችሁ ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል፣ ስማችሁም አይሰረዝም። የምትወስዱ ከሆነ ካርቶኑን በፊታችሁ ከፍተን፣ ማሽኑን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተን፣ አንድ ጨዋታ ከጀመረ በኋላ ብቻ ክፍያውን እንቀበላለን። የ2013ቱ ዘጠኝ ደንበኞቻችን፣ ቀብዳቸው የተመለሰላቸውም ሆኑ ልዩነቱን የከፈሉት፣ በመዝገቡ መጀመሪያ ላይ እንዲሰፍሩ አድርገናል።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ