እምቢ ያልኳት ሳምንት

ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል «ምን ፈልጎ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። ምንም አልፈለግኩም። ስድቡን መጀመሪያ ጨርስ፣ እጠብቃለሁ።

እትዬ ጥቅምት ላይ አረፈች። ከአሜሪካ ጠቅልላ ገብታ፣ እዚሁ ጅማ፣ ወደ ጅሬን መውጫ ባሠራችው ቤት። ቀብሯ ላይ ሁሉም አንተን ሲጠይቀኝ ነው አለመንገሬ የቆጨኝ። በኑዛዜዋ ውርስ አጣሪ ያደረገችው እኔን ነው። ቤቱ፣ የባንክ ደብተሩ፣ ያ የምታውቀው ባለሦስት እግር በርጩማ፣ ሁሉም ያለ ጭቅጭቅ አለቀ። ከእህቴ ጋር የተነታረክነው በጀበናዋ ብቻ ነው። እሷው ወሰደችው።

ከሳጥኑ ሥር ግን አንድ ሰማያዊ ፋይል ወጣ። ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ። ታይምሼር ይሉታል። በዓመት አንዲት ሳምንት የምታርፍበት አፓርታማ ነው። ዋጋውን ከፍለህ ብትጨርስም የጥገና ክፍያ የሚሉት በየዓመቱ ይመጣል። ባለቤቱ ሲሞትም አይቆምም። አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ለልጄም «ፍሎሪዳ ቤት አለን» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ከዚያ ቢሉን አየሁት።

ልሽጠው ብል፣ በአንድ ዶላር እንኳ ገዢ የሚጠፋለት ዕቃ ነው። እንሸጥልሃለን ብሎ የደወለው ሰውዬ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀኝ። ዘጋሁበት።

በመጨረሻ እዚያ ያለ ጠበቃ አስረዳኝ። ወራሽ ሌላውን ተቀብሎ ይህን ብቻ አልፈልግም ማለት ይችላል። በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የግብር ጣጣ እንዳያመጣም ከሞተችበት ቀን ጀምሮ በ9 ወር ውስጥ። አንድ ሌሊት እንኳ ካደርክበት ግን ተቀብለኸዋል ማለት ነው። ከኪስህም እንዳትከፍል አለኝ፤ ዕዳው የውርሱ እንጂ የአንተ አይደለም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ እኔ ስተወው ከእሷ ቀድሜ እንደሞትኩ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ወደ ልጄ ሊዞር ይችላል። እህቴ፣ እኔና ያ ጎረምሳ ሦስታችንም መፈረም ነበረብን።

ሰኔ ላይ አዲስ አበባ፣ አሜሪካ ኤምባሲ ሄድን። ፊርማ ለሚያረጋግጥ አንድ ማኅተም 50 ዶላር። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ሞቻለሁ ብዬ ፈረምኩልህ! ልጄ እስከ ወልቂጤ ድረስ «ነፍስ ይማር» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር።

አሁን ክረምቱ ገብቷል፣ ሂርማታ ገበያ ጭቃ በጭቃ ነው። ስትመጣ ቦቲ ያዝ።

ፋይሉ ውስጥ አንድ ፎቶ ነበር። እትዬ መዋኛ ገንዳው ዳር ተቀምጣለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ቡናዋን በፔርሙዝ ይዛ። ፎቶውን አስቀርቼዋለሁ። ይሄም እንደ መቀበል ይቆጠር እንደሆነ ጠበቃውን ልጠይቀው ነበር፣ ተውኩት።

ያው ወንድምህ
ጅማ፣ ሐምሌ