አበባውን እንጂ ቁመቱን አላየሁም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጌጥ ቼሪ ያወጣችሁት ጽሑፍ አበባውን አሞግሶ የዛፉን ቁመት ዘለለው። እኔም በዚያው አበባ ተታልዬ ካንዛን የተባለውን ዝርያ ከቤቴ ግድግዳ 2 ሜትር ብቻ አርቄ ተከልሁ። ካንዛን እኮ ሲያረጅ ቁመቱም ስፋቱም 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል! ሥሩ ከመሬት ገጽ ብዙም ስለማይርቅ የመተላለፊያዬን ንጣፍ አነሳው። ለጠባብ ግቢ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚያድገው አማኖጋዋ የተባለው የቼሪ ዝርያ፣ ያም ከበዛ ቁጥቋጦ መሰሉ ኮጆ ኖ ማይ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። በብርዱ ወራት፣ ቅጠሉ ረግፎ ሳለ ገረዝሁት። በቁስሉ ፈንገስ ገብቶ በዓመቱ ቅጠሉ የብር መልክ ያዘ፤ ቅርንጫፎቹም ደረቁ። ቼሪ የሚገረዘው ቅጠል ለብሶ፣ በሞቃትና ደረቅ ቀን ነው። ውሃ የሚያቁር መሬት ያላችሁ ደግሞ ባትሞክሩት ይሻላል።

የዘወትር አንባቢያችሁ