ሻምበል እግሩን ያመዋል

አንቺ ልጅ እንዴት ነሽልኝ? የሪያድ ሙቀትስ እንዴት አርጎሻል? ይሄን ስታይ "ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች" እንደምትይ አውቃለሁ፣ በይ፣ መብትሽ ነው። አራት አመት ሙሉ የምትልኪውን ቮይስ እየሰማሁ ዝም ያልኩት ጠልቼሽ አይደለም ማርያምን። እሱን ወደታች እመጣበታለሁ፣ መጀመሪያ ያስጻፈኝን ልንገርሽ፣ ስለ ውሻሽ ስለ ሻምበል ነው። አትደንግጪ፣ አለ፣ አሁን ራሱ እግሬ ስር ተጋድሞ ያንኮራፋል።

ግን አርጅቷል። ቁጠሪው እስቲ፣ 2004 ክረምት ሸርፍ ተራ ጎርፍ ሊወስደው ሲል በሻርፕሽ ጠቅልለሽ ያመጣሽው፣ እናትሽ "መላይካ የማይገባበት ቤት ልታደርጊብኝ ነው?" ብለው ከነሻርፑ ሲያባርሩሽ በአጥሩ ቀዳዳ ያቀበልሽኝ፣ አባዬም ነፍሱን ይማረውና ጆሮው ቀጥ ብሎ ሲቆም አይቶ ማዕረግ የሰጠው። አስራ ሦስት አመት አልፎታል፣ ለውሻ ሽማግሌ ነው።

መጀመሪያ የነቁት ማን መሰሉሽ? እናትሽ። ጠዋት ጠዋት በናንተ በር መሄድ ልማዱ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ቆይቼ ነው የምነግርሽ፣ አስራ ሰባቱን የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ በሩ ስር ይተኛና ቂጣውን በልቶ ይመለሳል። አምና ጥቅምት ላይ፣ የደሴ ብርድ መቼም አልረሳሽውም፣ ቀረ። እናትሽ በአጥሩ ጠሩኝና "ሻምበል እግሩን ያመዋል" አሉኝ። እኔ ደግሞ "አይ እማ እርጅና ነው" አልኩ። "እና እርጅና አያምም ያለሽ ማነው?" ብለው አፈጠጡብኝ። እሳቸው ራሳቸው አሁን ወንበር ላይ ሆነው ነው የሚሰግዱት ጉልበታቸው እምቢ ብሎ፣ ይሄን ሳይነግሩሽ አይቀሩም።

ከዛ በኋላ ማየት ጀመርኩ፣ እስከዛ ለካ አላይም ነበር። ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሩ እንደ ደረቀ እንጨት ነው፣ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ይፈታለታል፣ እኔም ተፈታ ብዬ እተወዋለሁ። ለመተኛት ሦስት አራቴ ይዞራል። ግራ ጉልበቱን ይልሳል ይልሳል ፀጉሩ እስኪሳሳ። የወንድሜ ልጅ ወገቡን ስትነካው አንድ ቀን አጉረመረመ፣ ሻምበል! ልጅ ላይ! እኛ "አመሉ ተበላሸ" አልን። ድምፅ አውጥቶ ቢያለቅስ እኮ ይገባን ነበር፣ ግን እንዲህ ያለ ቆይቶ የሚበላ ህመም ሲሆን አያለቅስም፣ ዝም ብሎ የሚያደርገውን ነገር ይቀንሳል። መዝለል ያቆማል፣ ደረጃ ያቆማል፣ በር ድረስ ወጥቶ መቀበል ያቆማል፣ አንቺ ደግሞ ጨዋ ሆነ ትያለሽ።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ራሴን ዶክተር አድርጌ ለወገቤ የገዛሁትን ዳይክሎፌናክ ግማሿን ፍሬ በስጋ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሁለት ቀን። በመጀመሪያው ቀን የዳነ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ምግብ ዘጋ፣ አስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ለካ ውስጡ ደም እየፈሰሰ ነው። ተሸክመን ወደ እንስሳት ሐኪም፣ በሬና በግ ከሚጠብቁ ገበሬዎች መሀል ተሰልፈን፣ አንዱ አባት "ለውሻ ነው እንዲህ የምትሆኑት?" ብለው ሳቁ፣ ትንሽ ቆይተው ግን ጋቢያቸውን አውልቀው ከስሩ አነጠፉለት፣ ወሎ አይደል።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው ግን አነጋገሩ ደስ ይላል። ዳይክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ለሰው የተለካ እንጂ ለውሻ አይደለም፣ ጨጓራውን ይበሳል ኩላሊቱንም ይጨርሳል አለኝ። አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶት ከሳምንት በላይ ሌላ ማስታገሻ ከለከለ፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላ አይደረብም ብሎ። ጎረቤት ደግሞ "ዴክሳ አስወጊው ባንዴ ይነሳል" ይለኛል፣ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የስቴሮይድ መርፌ ማለቱ ነው፣ ሐኪሙን ብጠይቀው ዴክሳና እነዚህ ማስታገሻዎች አንድ ላይ ከገቡ ጨጓራው ይቀደዳል አለ።

ከዛ እግሩን እያጠፈ እየዘረጋ አየው፣ ዳሌውና ጉልበቱ ነው፣ አርትራይተስ። በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ልስልሱ አጥንት አልቋል፣ አይተካም፣ ህመሙ ግን ይቀንሳል አለ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሰለሽ፣ ክብደቱን! የት ልመዝነው? እህል በረንዳ ወሰድነው። ባለሚዛኑ ሐጂ "ውሻ በሚዛኔ? አላህን አትፈሩም?" አሉ፣ ጨቅጭቀን ጨቅጭቀን ጆንያ ደርበውበት አስመዘኑን፣ 31 ኪሎ። "ከኔ በግ ይበልጣል" ብለው በሳቅ ሞቱ። ጥፋቱ የኛው ነው፣ ከዛ ከክፉ ጊዜ ከተመለስን ወዲህ ስለምናዝንለት የተረፈ እንጀራ እሱ ጋ፣ ጮማ እሱ ጋ፣ በፍስክማ አትጠይቂኝ። ሐኪሙ ከክብደቱ ከመቶ ስድስት ያህል እንኳ ቢቀንስ ማነከሱ ላይ ለውጥ ታያላችሁ ብሎ ነበር፣ እውነትም ሁለት ኪሎ ስትወርድ አየሁት። አሁን 27 ላይ ነው። እናትሽ ግን ቂጣዋን በድብቅ ይሰጡታል፣ ይዣቸዋለሁ ሁለቴ።

መድኃኒቱ ሜሎክሲካም ነው፣ ፈሳሹን ወንድሜ ካዲሳባ ፈልጎ ላከልን። በኪሎ 0.1 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ የመጀመሪያው ቀን ብቻ እጥፍ፣ ሁሌ ከምግብ ጋር። ይሄን የምነግርሽ የሰው ፋርማሲ ያለው ፍሬ 7.5 እና 15 ሚሊግራም ስለሆነ ነው፣ አስራ አምስቷን አንዷን ብሰጠው ከሚገባው አምስት እጥፍ ያህል ይሆን ነበር አስቢው። ካስመለሰው ወይ ምግብ ከዘጋ ወይ ሰገራው ከጠቆረ ወዲያው አቁሚና ደውዪ ተብያለሁ፣ ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የተቀረው የቤት ስራ ነው። ቤቱን ስናድስ ወንድሜ ያነጠፈው ሴራሚክ ታስታውሺያለሽ፣ ፎቶ ልኬልሽ ነበር ያኔ ገና ሳልዘጋሽ፣ የሻምበል ጠላት እሱ ነበር። ሲነሳ እግሩ ወዲያና ወዲህ ይከፈትበታል፣ ስለዚህ ይፈራል፣ ስለፈራ አይነሳም፣ ስላልተነሳ የታፋው ስጋ አለቀ። አሁን ከአልጋው እስከ በሩ አሮጌ ምንጣፍ ቆራርጠን ዘርግተናል፣ ቤቱ የጨረታ ሱቅ መስሏል። ጥፍሩንም አሳጠርኩለት፣ ሲረዝም ያንሸራትተዋል ለካ። ከበራፉ ሁለቷ ደረጃ ላይ ሳንቃ ጣልን ጆንያ ቸንክረንበት። ማታ ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ በነጠላ ጠቅልዬ ዳሌው ስር አደርግለታለሁ፣ ስፖንጅ ፍራሽም አለው፣ ከኔ የተሻለ ነው የሚተኛው። ጦሳ ተራራ መውጣት ቀርቷል፣ ግን ተጋድሞ መዋልም አይሆንም ስለተባልን በቀን ሦስቴ አስር አስር ደቂቃ ሜዳ ሜዳውን እንሄዳለን፣ መንገድ ላይ ያሉት ልጆች "ሻምበል ጡረታ ወጣ" ይሉታል። ሲደክመው በሆዱ ስር ፎጣ አሳልፌ ወገቡን አነሳለታለሁ።

አሁን ወደ ዝምታዬ። ጥቅምት 2014 ከተማው ሲያዝ በኮምቦልቻ አድርገን ስንወጣ እናትሽን ለምነናቸው ነበር፣ "ከቤቴ ወጥቼ የማን ደጅ ልሙት" ብለው እምቢ አሉ። መኪናው ሞልቶ ሰው እየጮኸ ነበር፣ ሦስተኛ ጊዜ አልለመንኳቸውም። ሻምበልንም ለቅቀነው ሄድን። "እማን ይዛችኋት ወጣችሁ አይደል?" የሚለው ቮይስሽ ደብረ ብርሃን ላይ ደረሰኝ። ምን ልመልስልሽ? ከዛ እዚህ ኔትወርክ ጠፋ፣ ደሴ ተለቃ ታህሳስ ላይ ስንመለስ ሁለቱም አሉ፣ ቤታችን ተበርብሯል፣ እናትሽ ከሌላቸው ላይ ያቺን ቂጣ ለሁለት ቆርሰው ሲያበሉት ከርመዋል፣ እሱ ደግሞ በራቸው ስር እያደረ ዘብ ቆሟል። ያ "መላይካ አይገባም" ያሉት ውሻ! ቤት ግን አላስገቡትም፣ ደጅ ነው እሱስ፣ ሕግ ሕግ ነው ይላሉ። እንደነገሩሽ አውቃለሁ፣ ወቀሳ የሌለበት ቮይስሽን ስሰማ ጭራሽ አፈርኩ። በየበዓሉ "እንኳን አደረሰሽ" ትያለሽ እኔ ደግሞ ለነገ እላለሁ፣ ነገ ሲሉት አራት አመት ሆነ። ይቅር በይኝ።

ያስጻፈኝ ነገር ይሄ ነው። ሐኪሙ ካላንደር ላይ ጥሩ ቀንና መጥፎ ቀን ምልክት አድርጊ ብሎኛል፣ በልቶ ጭራውን ቆልቶ በራሱ ተነስቶ ከሸና ጥሩ ነው፣ ካልሆነ መጥፎ። መጥፎው ከበለጠ ያን ጊዜ እንነጋገር አለ፣ እንደ ጎዳና ውሻ በመርዝ ሳይሆን አስተኝቶ በመርፌ ነው። ወንድሜ ሲሰቃይ ማየት ግፍ ነው ይላል። እናትሽ ነፍስን የሰጠ ይውሰዳት ይላሉ። እኔ መሀል ላይ ነኝ፣ ውሻው ደግሞ ያንቺ ነው፣ እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ። ስለዚህ ያ ቀን ሳይመጣ ያንቺን ቃል እፈልጋለሁ፣ አሁን አይደለም አብሽሪ፣ ባለፈው ወር መጥፎው ስድስት ቀን ብቻ ነበር።

እናትሽ አሁን እሱ መውጣት ሲያቅተው እሳቸው ይወርዳሉ። በየደረጃው ቁጭ እያሉ፣ ላስቲክ ወንበር በአጥሩ ወዲያ አስቀምጠው ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ፣ እሱ በአጥሩ ወዲህ ፀሐይ እየሞቀ። ለጉልበታቸው የምትልኪውን ቅባት ጨርሰዋል፣ "ለሻምበል ቀባሽው እንዴ?" እያሉ ይቀልዱብኛል፣ አልቀባሁትም፣ ይልሰዋል።

ወገብ ላይ እጀታ ያለው የውሻ ማንገቻ እዛ ካገኘሽ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ፣ የደረቱ ዙሪያ 74 ሳንቲም ነው። ቮይስም ላኪ፣ ለኔ ባይሆን ለሱ፣ ስሙን ጠርተሽ፣ ያኔ በቀዳዳው እንደምትጠሪው። ጆሮው ገና ደህና ነው።