ስለ ወተቱና ስለ ቤት ኪራዩ

ጎንደር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አብራሽ ስለምትኖረው ልጅ የጻፍሽውን አባትሽም እኔም አነበብነው። በጾመ ነቢያት ወተት ጠጣች፣ ደግሞም የቤት ኪራይ ድርሻዬን ከፍያለሁ ብላ ዋሸች ብለሻል። ሁለቱን አንድ ላይ አትቋጥሪያቸው።

የወተቱ ነገር ያንቺ አይደለም። የታመመን ሰው ንስሐ አባቱ ከጾም ሊያሳርፉት ይችላሉ፤ እሷን አሳርፈዋት እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 14 የማይበላው በሚበላው እንዳይፈርድ ሲከለክል «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?» ይላል። ከወተት የተከለከለ አፍ ሰው ሲያማ ቢውል ምን ጾም ነው? እዚህ ጎንደርም ከቅዳሴ መልስ አቦሉ ላይ ወሬው ይነሣል፣ ቶናው ላይ ይፈረዳል፣ በረካው ሳይቀዳ የሰው ስም አልቋል።

ኪራዩ ግን አንቺንም ይነካል፤ ዝም በዪ አልልሽም። ጌታ በማቴዎስ 7 ምሰሶውን አስቀድመህ ከዓይንህ አውጣ ያለው የወንድምህን ጉድፍ ተወው ለማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ጉድፉን ለማውጣት «አጥርተህ ታያለህ» ብሏል። ተራውን ጠብቂ ነው ነገሩ።

እንግዲህ ከመናገርሽ በፊት አንድ ማታ፣ ከጸሎትሽ አስቀድመሽ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ወረቀት ይዘሽ ተቀመጪ። በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ ሌላ ሰው የነገረሽን ሰርዢው። ቀጥሎ የከሰስሻትን ጥፋት በስሙ ጻፊ፦ ውሸት። ከዚያ እሷን ተዪያትና በዚያው ስም ራስሽን መርምሪ። ለአለቃሽ ያልሽውን፣ ለእኛ ያልሽውን፣ ገና ከቤት ሳትወጪ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» ያልሽውን ሳይቀር፣ ቀኑንና ሰውየውን እየጠቀስሽ ጻፊ። «እኔም ኃጢአተኛ ነኝ» ብቻ ብለሽ ከተነሣሽ ምንም አልሠራሽም፤ ይህን ሁሉም ይለዋል፣ ማንንም አያሳፍርም። ውሸት አላገኘሁብኝም ካልሽ ደግሞ ሥሩን ፈልጊ። እሷ የዋሸችው ገንዘብ አጥሯት አፍራ ከሆነ፣ አንቺን እፍረት ምን ያስደርግሻል?

ቁጣሽንም መዝኚው። በ2ኛ ሳሙኤል 12 ነቢዩ ናታን የድሃውን አንዲት በግ ስለ ነጠቀ ባለጠጋ ሲነግረው ንጉሥ ዳዊት ምን አለ? ባለጠጋው ሞት ይገባዋል፣ በጊቱንም አራት እጥፍ ይመልስ። በዘጸአት 22 በግ ለሰረቀ የታዘዘው ግን አራት በግ ነው፤ ሞቱን ዳዊት ከራሱ ጨመረበት። እሱ ራሱ የኦርዮን ሚስት ወስዶ፣ ኦርዮንንም አስገድሎ ደሙን ደብቆ ስለነበር ነው እላለሁ እኔ። ቁጣሽ ከጥፋቱ ሲበልጥ፣ ትርፉ ከየት እንደመጣ እዚያው ፈልጊ። ከዚያ መዝሙር 50ን ድገሚ፤ ዳዊት ናታን ከመጣ በኋላ የጸለየው ነው፣ ሌላ ሰው የሚከስ አንድ ቃል የለበትም።

ራስን መመርመር የሚበላሽበትም መንገድ አለ። «እኔ ማን ሆኜ ነው የምናገራት» ብለሽ ብትተዪው ትሕትና ይመስላል፤ ቂሙ ግን ውስጥሽ ያድራል፣ እሷም ዕዳዋን እንደያዘች ትቀራለች። ወይም ደግሞ ነገሩን «ለጸሎት ነው የምነግርሽ» እያልሽ ለጓደኞችሽ ታዳርሺዋለሽ፤ ይህ ሐሜት ነው፣ ስሙ ቢቀየርም። በማቴዎስ 18 መጀመሪያ ብቻዋን፣ ካልሰማች አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ ነው የታዘዘው። በቴሌግራም አይሁን፤ ከሥራ ደክማ ስትገባም አይሁን። «አከራያችን የዚህ ወር ድርሻሽ አልደረሰኝም ይላሉ፤ ምን ሆኖ ነው?» በያት፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያት። «ሁልጊዜ ትዋሺያለሽ» የሚል ቃል ከአፍሽ ከወጣ ንግግሩ ስለ ኪራዩ መሆኑ ያበቃል። አጥሯት ከሆነ የምትከፍልበትን ቀን አብራችሁ ቁረጡ።

ለጥምቀት ስትመጪ ወረቀቱን ይዘሽ ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ። የጻፍሽውን የራስሽን ብቻ ንገሪያቸው፣ የእሷን ስም አታንሺ። ብዙ ሰው ሊናዘዝ ተንበርክኮ የትዳር ጓደኛውንና የጎረቤቱን ኃጢአት ይዘረዝራል፤ ቄሱ ደግሞ እዚያ ለሌለ ሰው ቀኖና አይሰጡም።

እናትሽ